ፖስታው ሳይከፈት ተናገሩ፦ ኮሚቴ ለገባችሁ የመንግሥት ሠራተኞች

ባለፈው ሳምንት ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የእህቴ ልጅ ደወለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው።

«እትዬ፣ ነገ ጨረታ እንከፍታለን። የሚስቴ አጎት ሰነድ ገዝቷል። ምን ላድርግ?»

«ሚስትህ ታውቃለች?»

«እሷ ናት የነገረችኝ። አጎቴ አደራ ብሎሃል አለችኝ።»

ልጁ ክፍለ ከተማ ከተቀጠረ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ጨረታ ኮሚቴ ውስጥ ያስገቡት በዚህ መስከረም ነው። እኔ ደግሞ እዚሁ ጎንደር በመንግሥት ቢሮ 29 ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ግዥ ክፍል ነበርኩ። ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት ተቀምጫለሁ፤ ለምን እንደተቀመጥኩ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። ቢሮውን በስም አልጠራም። አሁንም እዚያ የሚሠሩ ልጆች አሉ፣ ሰላምታቸው እንዲቀርብኝ አልፈልግም።

ለእህቴ ልጅ በስልክ የነገርኩትን እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። የእሱ ነገር ነገ የናንተም ነው።

መጀመሪያ ስሙን እናስተካክል። «የጥቅም ግጭት» ሲባል ብዙ ሰው ሌብነት ይመስለዋል። አይደለም። የመንግሥት ሥራችሁ ወደ አንድ በኩል፣ የራሳችሁ ወይም የቤተሰባችሁ ጥቅም ወደ ሌላ በኩል ሲጎትታችሁ የጥቅም ግጭት ነው። ገና ምንም አላጠፋችሁም፣ ተጎትታችኋል ብቻ። ጎንደር ተወልዶ፣ ጎንደር አድጎ፣ ጎንደር የተቀጠረ ሰው በሆነ ጨረታ ላይ ዘመድ ሳይገጥመው አይቀርም። ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ ነው። ጥፋቱ የሚጀምረው ስትደብቁት ነው።

ማን ያኮርፈኛል?

አዲስ ኮሚቴ ስትገቡ የመጀመሪያውን ሥራ ቤታችሁ ሥሩት። አንድ ደብተር አውጡና ስም ጻፉ። ቅጽ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ባል ወይም ሚስት፣ ልጅ፣ የቅርብ ዘመድ ነው። እኛ ዘንድ ይህ አይበቃም። አበልጅ አለ። የጽዋ ማኅበር አለ። እቁብ አለ። አንድ ግቢ ተከራይታችሁ አብራችሁ ያደጋችሁት አለ፤ እሱ ከአክስት ልጅ ይበልጣል።

ዋስነትን ደግሞ ብዙ ሰው ይረሳዋል። በከተማችን የመንግሥት ደመወዝተኛ ማለት ዋስ ማለት ነው። ለእቁብ ዋስ፣ ለብድር ዋስ፣ ለሥራ ተቀጣሪ ዋስ። ተጫራቹ እቁቡን ቀድሞ በልቶ እናንተ ዋሱ ከሆናችሁ፣ ሥራ ሲያጣ የሚከፍለው የናንተ ደመወዝ ነው። ጨረታውን ቢያሸንፍ ሌሊት እንቅልፍ የሚወስደው ማንን ነው? እናንተንም ጭምር። ስለዚህ ዋስ የሆናችሁለትን ሁሉ ጻፉ።

ስሞቹን ከጻፋችሁ በኋላ በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። ይህ ሰው ቢያሸንፍ እኔ ቤት ምን ይገባል? ቢሸነፍስ ማን ያኮርፈኛል?

የመጀመሪያው በየሥልጠናው የሚነገር ነው። ሁለተኛው የእኔ ነው፣ ከመጀመሪያውም የበለጠ ይዞልኛል። ብር እንቢ ያለ ሰው በሥራ ዘመኔ ብዙ አይቻለሁ። ኩርፊያ የሚችል ሰው ግን በጣት ይቆጠራል። ለቅሶ ቤት ፊቱን የሚያዞርባችሁ፣ በእናታችሁ ተዝካር ሆን ብሎ የሚቀር፣ «እሱማ ወንበር ሲያገኝ ረሳን» ብሎ በየቡናው የሚያወራ ሰው አለ። ከዚያ ሰው ስም አጠገብ ምልክት አድርጉ። በእሱ ጉዳይ ላይ አትወስኑም።

ግን አታብዙት። አንድ ደብር መሳለም የጥቅም ግጭት አይደለም። ጥር 11 ቀን ፋሲለደስ መዋኛ ላይ ተጋፍቶ ጠበል መረጨትም አይደለም። እኛ ዘንድ አንድ ባልደረባ ነበር፣ ከባድ ውሳኔ በመጣ ቁጥር «ዘመዴ ነው፣ ይቅርብኝ» የሚል። ቀላሉ ላይ ግን አንድም ዘመድ አልነበረውም። ከነገሩ ጦም እደሩ የሚባለው ለእንዲህ ያለው መሸሺያ አይደለም።

የእኔ ጥፋት

ይህን ለእህቴ ልጅም ነግሬው አላውቅም ነበር።

2004 ዓ.ም. ሰኔ ነው። የመንግሥት በጀት ሐምሌ 1 ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ግዥ ክፍል የሠራ ሰው ሰኔን ያውቀዋል። ያልተሠራበት ብር ተመላሽ ስለሚሆን ዓመቱን ሙሉ ያንቀላፋ ቢሮ ሁሉ በዚያ ወር ይሮጣል። አብዛኛው ስህተት የሚሠራውም ያኔ ነው።

ለአንድ ትምህርት ቤት 80 ኮምባይንድ ዴስክ ልንገዛ ነው። እኔ የኮሚቴው ጸሐፊ ነኝ። በሰም የታሸጉት ኤንቨሎፖች ተጫራቾች ባሉበት ተከፈቱ። አምስት ነበሩ። ሰብሳቢው ስምና ዋጋ ያነባል፣ እኔ እጽፋለሁ። አራተኛው ላይ የተነበበው ስም የአበልጄ ነው። ልጄን ክርስትና ያነሳው ሰው። እንጨት ሥራ እንዳለው አውቃለሁ፣ እንደሚጫረት ግን አልነገረኝም። በእጄ ስሙን ጻፍኩ። ዝም አልኩ።

ለምን ዝም አልኩ? ዋጋው ከሁሉም ዝቅተኛ ነበር። ናሙናውም ጥሩ ነበር። ማሸነፉ ካልቀረ ምን አስለፈለፈኝ አልኩ። እውነቱን ለመናገር አንዲት ነጥብ አልጨመርኩለትም። እሱም አንድ ቃል አልጠየቀኝም።

አሸናፊ ተባለ። በሦስተኛው ቀን ሁለተኛ የወጣው ሰውዬ ቅሬታ አስገባ። ማመልከቻው ላይ ፎቶ አያይዟል። የልጄ ክርስትና ዕለት የተነሳነው ነው። እኔ በሀበሻ ቀሚስ፣ አበልጄ ልጄን ታቅፎ፣ ሁለታችንም ስንስቅ። ፎቶውን ከየት እንዳገኘው እስከ ዛሬ አላውቅም። ጎንደር ነው እንግዲህ፣ ትንሽ ከተማ።

ሰብሳቢው ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «ይህ አንቺ ነሽ?» አለኝ። ሌላ አልጠየቀኝም።

ጨረታው ተሰረዘ። ቀኑ ሰኔ 24 ነበር። በስድስት ቀን ሌላ ጨረታ ማውጣት አይቻልም። ብሩ ተመለሰ። እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፣ አሁንም ፋይሌ ውስጥ አለ። አበልጄ እንጨቱን ቀድሞ ገዝቶ ስለነበር ከሰረ። ባላጠፋው ጥፋትም ስሙ ጠፋ። መስከረም ላይ በዚያ ትምህርት ቤት በኩል አለፍኩና በመስኮት አየሁ። ልጆቹ ድንጋይና ጀሪካን ላይ ተቀምጠው ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጽፋሉ። በዚያ መንገድ ለረጅም ጊዜ አላለፍኩም።

አሥራ አራት ቃል ብናገር ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ምን ብላችሁ፣ መቼ

ቃሉ ይኸው፦ «ከተጫራቾቹ አንዱ የልጄ የክርስትና አባት ነው። በዚህ ጉዳይ በውይይትም በውሳኔም አልሳተፍም። በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።» በቃ። ታሪክ አታብዙ። «ብዙም አንቀራረብም»፣ «እኔ እንኳ አድልዎ አላደርግም» አትበሉ። ማብራሪያ ሲረዝም ጥርጣሬ ይወልዳል።

ጊዜው ከቃሉ ይበልጣል። ዘመዳችሁ ሰነድ መግዛቱን ቀድማችሁ ከሰማችሁ፣ እንደ እህቴ ልጅ ማለት ነው፣ ሳጥኑ ከመከፈቱ በፊት ለሰብሳቢው ተናገሩ። ቀድማችሁ ከተናገራችሁ ምትክ ሰው ይፈለጋል፣ ምልአተ ጉባኤም አይጎድልም። እንደ እኔ ስሙን የሰማችሁት ሲነበብ ከሆነ እዚያው እጃችሁን አውጡ። ግምገማው ከተጀመረ በኋላ መናገር ዋጋው በግማሽ ይቀንሳል። ውጤት ከታወቀ በኋላ ከሆነማ ኑዛዜ ነው።

ከዚያ ውጡ። ከክፍሉ ውጡ ማለቴ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ድምፀ ተዓቅቦ አደርጋለሁ» ብሎ እዚያው ይቀመጣል። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው አፉን ባይከፍትም ፊቱ ያወራል። ጓደኞቻችሁ ዘመዳችሁን ፊት ለፊታችሁ «ናሙናው ደካማ ነው» ለማለት ያፍራሉ። ሐበሻ ነን፣ ይሉኝታ አለን። ስለዚህ ውጡና በረንዳ ላይ ሻይ ጠጡ። ስልካችሁን ይዛችሁ ውጡ፣ ግን ውስጥ ላለ ሰው አትደውሉ።

ቃለ ጉባኤው ላይ የወጣችሁበት ሰዓት ይጻፍ። እኔ ከዚያ ጥፋት በኋላ እንዲህ ነበር የምጽፈው፦ «አባል እገሌ ከተጫራች ቁጥር 4 ጋር ያላቸውን ዝምድና ገልጸው 4፡20 ላይ ከስብሰባው ወጥተዋል። አጀንዳው ተጠናቆ 5፡05 ላይ ተመልሰዋል።» ሰዓቷ ትንሽ ነገር ትመስላለች። ኦዲተር ሲመጣ ግን መጀመሪያ የሚያያት እሷን ነው። ስትመለሱም የቀረውን አጀንዳ ፈርሙ እንጂ ያላያችሁትን ግምገማ አትፈርሙ። «ለፎርማሊቲ ነው፣ ፈርሚ» ይሏችኋል። አትፈርሙ።

ሌላው፣ ኮሚቴው ከመሰብሰቡ በፊት የሚሠራ ተንኮል አለ። ስፔስፊኬሽን። ዕቃውን ስትዘረዝሩ የአንድ ሱቅ ዕቃ ብቻ እንዲገጥም አድርጎ መጻፍ ይቻላል። ሦስት ፕሮፎርማ፣ ማለትም የዋጋ ማቅረቢያ ወረቀት፣ ተሰብስቦ ሦስቱም የአንድ ሰው ሲሆንም አይቻለሁ። ማህተሙ ሦስት ዓይነት፣ የእጅ ጽሑፉ አንድ። ስለዚህ ዝምድናችሁን የምትናገሩት ዝርዝሩ ሲጻፍ ጭምር ነው። ዝርዝሩን ጽፎ ከግምገማው የወጣ ሰው አልወጣም።

የቅዳሜ ሹሩ በግ

ስጦታ ላይ ምክሬ አጭር ነው፤ ታሪኩ ግን ይረዝማል።

አንድ ዓመት ቅዳሜ ሹር ጠዋት በር ተንኳኳ። ከእኛ ቢሮ ሥራ የሚወስድ ነጋዴ በጎረምሳ እጅ በግ ልኳል። «ጋሼ እንኳን አደረሰዎ ብለዋል» አለና ገመዱን አስጨብጦኝ ሮጠ። በጉ ሙክት ነው። ልጆቼ ወዲያው ሣር ማብላት ጀመሩ።

ባለቤቴ «በግ እኮ ነው፣ ቤት አልሰጡሽም» አለ። እውነቱን ነው፣ እኛ ዘንድ በበዓል በግ መላክ ነውር አይደለም። ችግሩ ሰውዬው ከቢሮው ጋር ሥራ ባይኖረው ኖሮ ቤቴን አያውቀውም ነበር። መለኪያዬ እሷ ናት። ወንበሩን ብለቅ ይህ በግ ይመጣ ነበር? ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የመጣ በግ የለም፣ መልሱን አገኘሁት።

ባጃጅ ጠራሁ። ጎረቤቴን ምስክር አድርጌ ይዣት ገባሁ። ከማራኪ እስከ አራዳ በጉ በመሐላችን ሆኖ ሲጮህ ሄደ። ፒያሳ አደባባይ ላይ አንዲት የማኅበር ጓደኛዬ አየችኝና «እንዴ! ሰው በግ ይዞ ወደ ቤት ሲሄድ አንቺ ወደ ገበያ?» አለችኝ። ነጋዴው ሱቁ በር ላይ ቆሞ ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን ቢሮው ውስጥ ሥራ ስላለዎት አልቀበልም» አልኩት። ተቆጣ። ለበጉ የከፈልኩት የባጃጅ ሒሳብ በራሴ ነው። በፋሲካ ዶሮ በላን።

ሰኞ ቢሮ ስገባ ለኃላፊዬ አንድ መስመር ማስታወሻ ጻፍኩ፦ ቀን፣ የተላከው ነገር፣ መመለሱ፣ የምስክሯ ስም። ይህን አትርሱ። መልሳችሁ ካልጻፋችሁ ወሬው «በግ ተልኮላታል» ብቻ ሆኖ ይቀራል።

በግ ይመለሳል። ቢሮ ድረስ የመጣ ዕቃ፣ ለምሳሌ ካርቶን ሙሉ አጀንዳና እስክሪብቶ፣ በሞዴል 19፣ በንብረት ገቢ ደረሰኙ ማለት ነው፣ ገቢ ይደረግና የቢሮው ንብረት ይሆናል። ብር ከሆነ ግን፣ «የሻይ» ቢሉትም ሌላ ስም ቢያወጡለትም፣ አትንኩት፣ እዚያው ሰው ጥሩ። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ሰጪውንም ተቀባዩንም ይጠይቃል። ባለጉዳይ ግን በተሰናበተ በወሩ ጠላና ዳቦ ይዞ መጥቶ ሁሉም ከቀመሰ እኔ ሙስና አልለውም። ልዩነቱን ሆዳችሁ ያውቀዋል።

የራሳችሁ ፋይል

መሬት ነክ ሥራ ላይ ያላችሁ ይህ የናንተ ነው። የራሳችሁን ካርታ፣ የእናታችሁን ይዞታ፣ የባላችሁን የግንባታ ፈቃድ በእጃችሁ አትንኩ። እንደ ባለጉዳይ ተሰለፉ። ወረቀቱን ሌላ ባለሙያ ይሥራው፣ ሌላ ይፈርም። የቤት ማኅበር አባል ከሆናችሁ ደግሞ የማኅበራችሁ ፋይል ሲመጣ «እኔ አባል ነኝ» በሉ። አዘዞ በኩል ይሁን የትም፣ የመምህራንና የሠራተኞች ማኅበር በበዛበት ከተማ የመሬት ባለሙያ የሆነ ሰው አንዱ ውስጥ አይጠፋም። አባልነቱ መብት ነው። ለራስ ሸንሽኖ ለራስ ማጽደቅ ግን አይሆንም።

የምክር ቤት አባላትም እንዲሁ። ጌጠኛ ድንጋይ የሚነጠፍበት መንገድ ሲመረጥ በናንተ በር የሚያልፈው ዝርዝር ውስጥ ካለ፣ ሰፈራችሁን ወክላችሁ ችግሩን ተናገሩ፣ የመረጣችሁ ሕዝብ ለዚያ ነው። ቅደም ተከተሉ ሲወሰን ግን በራችሁ በዚያ መሆኑን ገልጻችሁ ለሌሎቹ ተዉት። ድንጋዩን የሚያቀርበው የወጣቶች ማኅበር ውስጥ ልጃችሁ ካለም ያው ነው።

ሀብት ማስመዝገብ ላይ ብዙ አልልም። የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 668/2002 ተሿሚና ተመራጭ፣ እንዲሁም ሕጉ የሚመለከተው ሠራተኛ የራሱንና የቤተሰቡን ሀብት እንዲያስመዘግብ፣ በየሁለት ዓመቱም እንዲያድስ ያዛል። በክልላችንም ሀብት ይመዘገባል። ሰው ቅጹን እንደ ግብር ይፈራዋል። እኔ ግን ጠበቃ ነው እላለሁ። ከመሾማችሁ በፊት የነበራችሁ ቤት ተመዝግቦ ካለ፣ ነገ «በሥልጣኑ የሠራው ነው» የሚል ሲመጣ ወረቀቱ ይመልስላችኋል።

«ይታይለት»

ከባዱ ይኸኛው ነው። የጥቅም ግጭቱ የናንተ ሳይሆን የአለቃችሁ ሲሆን።

መንግሥት ቢሮ የሠራ ሰው ይህችን ቃል ያውቃታል። ማመልከቻው ጠርዝ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ይታይለት» ተብሎ ይመራል። ከታች ፊርማ። ምን ይታይለት? አይልም። አንዳንዴ በቅንነት የተጻፈ ነው፣ ባለጉዳዩ ተንገላቶ ስለመጣ። አንዳንዴ ደግሞ ባለጉዳዩ የአለቃው የወንድም ሚስት ነች። አንዳንዴም ወረቀት የለም፣ ስልክ ብቻ ነው። «ያንን ነገር ጨርሺለት።»

በየቢሮው ግድግዳ ላይ 12ቱ የሥነ ምግባር መርሆዎች ተለጥፈዋል። ቅንነት፣ ግልጽነት፣ አድሏዊ አለመሆን፣ ሕግን ማክበር እያለ ይወርዳል። እኔ ከጀርባዬ ተለጥፎ ነበር፣ አለቃዬ ሲያነጋግረኝ ፊት ለፊቱ ያየው ነበር። በዚያው ቢሮ አንድ ኅዳር ለፀረ ሙስና ቀን ያሳተምነውን ካኔቴራ ያተመው ድርጅት የማን እንደነበር ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ልተወው።

ዘዴዬ ይህ ነው። «እንቢ» አልልም። እንቢ ማለት ጠብ ነው፣ ጠብ ውስጥ ደግሞ ታናሹ ይሸነፋል። «እሺ ጌታዬ፣ በጽሑፍ ይምሩልኝ» እላለሁ። ከአሥሩ ሰባቱ እዚያ ላይ ይቆማል፣ በእጁ መጻፍ የሚፈልግ ጥቂት ነው። በጽሑፍ ከመጣ መልሱን እዚያው ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፦ «በመመሪያው መሠረት ተራው ገና ስለሆነ ለመፈጸም አልተቻለም፤ ውሳኔ ይሰጥበት» ከቀንና ከፊርማ ጋር። አሁን ኳሷ እሱ ዘንድ ናት። ቢያዝም በስሙ ነው የሚያዘው። በቃል ብቻ ከገፋኝ ደግሞ ፋይሉ ላይ ማስታወሻ አኖራለሁ፦ «በዚህ ቀን በቃል በተሰጠኝ ትእዛዝ» ብዬ።

ዋጋ የለውም ብዬ አልዋሻችሁም። አንዱን እንዲህ አድርጌው በሳምንቱ ወደ መዝገብ ቤት ተዛወርኩ። «ለሥራው ቅልጥፍና» ይላል ደብዳቤው። ሁለት ዓመት አቧራ ዋጥኩ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። እኔ ሹመትም አልነበረኝ፣ ግን የአለቃዬን መቆጨት አየሁ። እሱ ሲነሳ አጣሪዎች መጡና ያንን ፋይል ጠየቁ። ከመደርደሪያው አውጥቼ የሰጠኋቸው እኔው ነኝ፣ በራሴ እጅ የተጻፈችውን ማስታወሻ ጭምር። መዝገብ ቤት ተቀምጬ የተማርኩት ነገር፣ ወረቀት እንደማይሞት ነው።

ቢሮው ውስጥ የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍል ካለ ቀድማችሁ ምክር ጠይቁ። አንዳንዱ ቦታ የሚሠራ ሰው አለው፣ አንዳንዱ ቦታ የተቆለፈ በር ነው። የተቆለፈ ከሆነ ባሕር ዳር የክልሉ ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን አለ።

ከመስኮቱ ወዲያ ላላችሁ

ባለጉዳዮችም ታነቡ ይሆናል፣ ሁለት ነገር ልበል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። ስለዚህ «ይህን ጉዳይ የወሰነው ኮሚቴ ውስጥ ዘመድ ነበረ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ስድብ አይደለም። ግን እንደዚያ ሰውዬ ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ። ማለቴ ማስረጃ። «ሁሉም ሌባ ነው» የሚል ማመልከቻ በቀን አሥር ይገባል፣ ማንም አያነበውም። ቀን፣ የጨረታ ቁጥር፣ ማን ከማን ጋር ምን ዝምድና እንዳለው፣ በአንድ ገጽ። መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉ፣ ቁጥርና ማህተም ያረፈበት ግልባጭ ይዛችሁ ውጡ። ቴሌግራም ላይ ቀድማችሁ ከለጠፋችሁት ፋይሉ በማግስቱ «ጠፋ» ይባላል።

በአስተዳደር በደል የተበደላችሁ ከሆነ የእንባ ጠባቂ ተቋምም አለ። ሠራተኛ ሆናችሁ ጥቆማ የምትሰጡ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ለጠቋሚና ለምስክር ጥበቃ ያደርጋል፣ ማንነትን እስከ መሰወር። ከመጠቆማችሁ በፊት ጥበቃውን ጠይቁ እንጂ ከተባረራችሁ በኋላ አይሁን።

የእህቴ ልጅስ? በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሰብሳቢው ቢሮ ገብቶ ተናገረ። ሰብሳቢው ሳቀበትና «አንተ ደግሞ፣ የሚስት አጎት እኮ ሩቅ ነው» አለው። ልጁ ግን ደብተሩን ከኪሱ አውጥቶ ምልክቷን አሳየው። ምትክ ሰው ገባ። እሱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ አንድ ሻይ በ45 ደቂቃ ጠጣ። ማታ ሚስቱ ራት አላቀረበችለትም፣ ራሱ ሽሮ ሠርቶ በላ።

ቅዳሜ ቡና ላይ ሲመጣ «ማን አሸነፈ?» አልኩት።

«አልጠየቅኩም» አለኝ። ስኳሩን አቀበልኩት።